«ድነሻል» ተባልኩ፤ ታዲያ እንቅልፌ የት ሄደ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? ደሴ ነው የምኖረው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬ 41 ነው። ድባቴ ሦስት ጊዜ ይዞኛል። መጀመሪያ የበኩር ልጄን እንደወለድኩ ነው። ያኔ ስሙንም አላወቅነው፤ «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ ታለፈ። ሁለተኛው በ2014 ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ወጥተን ስንመለስ ሱቄ ተዘርፎ፣ ሲንጀሬ ተወስዶ ጠበቀኝ። እሱ እሺ፣ ምክንያት ነበረው። አምና የመጣብኝ ሦስተኛው ግን ግራ አጋባኝ። አልሐምዱሊላህ ልጆቼ ደህና ናቸው፣ ሥራም አለ። ዝም ብሎ ወደቀብኝ።

ሆስፒታል ሄጄ ፍሉኦክሰቲን ታዘዘልኝ፤ አሁንም እየወሰድኩ ነው። ለቅሶው ቆመ። መብላት ጀመርኩ፣ ሱቄንም ከፈትኩ። ሐኪሙም «በጣም ጥሩ ነሽ፣ ድነሻል» አለኝ። ግን ሲስተር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ቀን ሰውነቴ ይዝላል። ልኬት ወስጄ ደብተሩ ላይ ሳልጽፈው ይጠፋኛል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲስቅ እኔ ከአንገት በላይ ነው የምስቀው። ባለቤቴ «ተፈጥሮሽ ነው፣ ድሮም ዝምተኛ ነሽ» ይለኛል። እኔ ግን ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ማይንድፉልነስ የሚባል ነገር በስልክ ላከችልኝ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ትንፋሽሽን ተከታተይ ይላል። ሞከርኩት። ሐሳቤ ጭራሽ ባሰበት። አንዴማ ጨፍኜ ሳለ ከደሴ የወጣንበት ሌሊት መጣብኝና ልቤ ይደልቅ ጀመር። እስቲ ይንገሩኝ፤ ይሄ የቀረኝ ነገር ምንድን ነው? የስልኩስ ነገር ይጠቅማል? ከሰላቴ ጋር አይጋጭም? ከጠቀመኝ ኪኒኑን ልተወው?

ዘ. ነኝ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ ዘ.፣ ከባልሽ ልጀምር። «ተፈጥሮሽ ነው» ያለሽ ሊያጽናናሽ ብሎ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ተሳስቷል። ሌሊት መንቃቱ፣ መዛሉ፣ ልኬት መርሳቱ፣ ከአንገት በላይ መሳቁ፣ ሁሉም የሕመሙ ርዝራዥ ናቸው። ትልቁ ነገር ሄዷል፤ ትንንሹ ቀርቷል። ድሮ እንዲህ እንዳልነበርሽ አንቺ ካወቅሽ ያ ይበቃል፤ ከአንቺ በላይ የሚያውቅሽ የለም።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሳይታይ እንደሚያልፍ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ሐኪሙ ካርዱን እየገለጠ «እንዴት ነሽ?» ይላል። «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።» «ትበያለሽ?» «እበላለሁ።» አለቀ፤ ካርዱ ላይ «ተሽሏታል» ይጻፋል። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ደህና አይደለሁም ማለት አይሆንልንም። ራሳችን ሆድ ብሶን ሌላውን «አብሽር» የምንል ሰዎች ነን። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «ደህና» ብለሽ አትግቢ። ለእኔ የጻፍሽውን ይህንኑ ደብዳቤ ለሐኪምሽ ስጪው። እንዲህ ቆንጆ አድርገሽ ጽፈሽው ሳለ በቃል ለማስረዳት አትድከሚ።

ርዝራዡን ለምን አክብዳ ያዘችው ትዪ ይሆናል። እንግሊዝ አገር ፔይክል የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከድባቴ የተሻላቸውን ሰዎች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱን አሳትመዋል። ተሽሏቸው ሳለ ምልክቱ በከፊል ከቀረባቸው ሰዎች 76 በመቶው መልሶ ያዛቸው። ምንም ካልቀረባቸው ውስጥ ግን መልሶ የያዘው 25 በመቶውን ብቻ ነው። ላስፈራራሽ አይደለም የምነግርሽ። «ይሄማ ትንሽ ነገር ነው፣ በእሱ ሐኪም አላስቸግርም» እንዳትዪ ነው።

ወደ ማይንድፉልነሱ ከመሄዳችን በፊት ግን መጣራት ያለበት ነገር አለ። ፍሉኦክሰቲኑን የምትወስጂው መቼ ነው? አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ስለሚነሳ ብዙ ጊዜ ጠዋት እንዲወሰድ ነው የሚመከረው። ማታ የምትውጪ ከሆነ ጠይቂ። መጠኑም አንሶሽ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ሐኪሙ ያስተካክለዋል። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግር እንዲሁ ያዝላሉ፣ ያስረሳሉ፤ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። ቡናስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከመግሪብ በኋላ ከሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ብትነቂ አይገርመኝም። ጫት ይኑር አይኑር አልጻፍሽም። ካለ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ እንቅልፍም ስሜትም ይነካል። ማንም አይፈርድብሽም። ከፈረደም ችግሩ የእሱ ነው።

አሁን ወደዚያ ምክንያት አልባ ወዳልሽው ሦስተኛ ሕመም ልምጣ። ሁለተኛው ጦርነት ነበረው፣ ዘረፋ ነበረው። ሦስተኛው ባዶ እጁን መጣ። ይህ ያንቺ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። ድባቴ በተደጋገመ ቁጥር ለመቀስቀስ የሚፈልገው ሰበብ እያነሰ ይሄዳል። ጎርፍ አንዴ ቦይ ከቀደደ በኋላ ካፊያም ይበቃዋል። ቦዩ ምንድን ነው ካልሽኝ፣ ማብሰልሰል ነው።

ሱቅሽ በር ላይ ተቀምጠሽ እየሰፋሽ ነው እንበል። አንዲት ደንበኛሽ ቀና ብላ እንኳ ሳታይሽ አለፈች። ስልክ ላይ ይሆናል፣ ልጇ ታሞባት ይሆናል፣ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አስጎንብሷት ይሆናል። ያንቺ አእምሮ ግን ይህን አይጠይቅም። «ያን ቀሚስ አጥብቤባት ነው» ይላል። ቀጥሎ «ድሮም እጄ አያምርም»። ቀጥሎ «ሰው ሁሉ እየሸሸኝ ነው»። በመጨረሻ «ያው፣ ተመልሶ መጣብኝ»። ይህ ሁሉ አንድ እጅጌ ሰፍተሽ ሳትጨርሺ ነው። ትከሻሽ ከብዷል፣ ደረትሽ ተጨንቋል። ሴትዮዋ ደግሞ ይህን ጊዜ ቤቷ ገብታለች፤ ምንም አታውቅም። ታመው ለማያውቁ ሰዎች ይህ ሐሳብ መጥቶ ያልፋል። ሦስት ጊዜ ለተያዘ ሰው ግን ትንሽ መከፋት የድሮውን ሐሳብ ሁሉ ጎትታ ታመጣለች።

ማይንድፉልነስ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እኔ አስተውሎት እለዋለሁ። ሰው ዘና ማያ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ማረጋጋት አይደለም። ሥራው «ድሮም እጄ አያምርም» የሚለው ሲመጣ «እንዲህ የሚል ሐሳብ መጣ» ብሎ ማየት ነው። አታባርሪውም፣ አትከራከሪውም፣ ተከትለሽውም አትሄጂም። ሐሳብ መሆኑን ብቻ ታውቂያለሽ። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ከመድረስሽ በፊት ሁለተኛው ላይ መያዝ ነው።

ነገሩ ሕክምና ውስጥ የገባው በዘፈቀደ አይደለም። ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕመማቸው አልድን ላላቸው ሰዎች ኮርስ ጀመረ። ከዚያ ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል የሚባሉ ሦስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ድባቴ ለሚመላለስባቸው ሰዎች አስተካክለው አዘጋጁት። ኮርሱ 8 ሳምንት ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ 2 ሰዓት ገደማ፣ በቡድን። በየቀኑ ቤት የሚሠራ ልምምድም አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ታመው ከነበሩት መካከል በተለመደው ክትትል ብቻ ከቀጠሉት 66 በመቶው አገረሸባቸው፤ ኮርሱን ከወሰዱት ግን 37 በመቶው ነው። የሚገርመው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ለታመሙት ጥቅም አላሳየም። አንቺ ሦስተኛው ላይ ነሽ። ዕድል ማለት ይከብዳል፤ ግን ሕክምናው የተሠራው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ 9 ጥናቶች፣ በድምሩ 1258 ሰዎች፣ በአንድ ላይ ተመረመሩ። በ60 ሳምንት ውስጥ ኮርሱን ከወሰዱት 38 በመቶው፣ ካልወሰዱት 49 በመቶው አገረሸባቸው። ተአምር አይደለም። ግን አንቺን የሚመለከት አንድ ነገር ተገኝቶበታል፤ ርዝራዥ ምልክት በብዛት ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ተጠቅመዋል።

የስልኩን ነገር እንዲያው አላጣጥልም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲጋልና ባልደረቦቹ ርዝራዥ ምልክት ያለባቸው 460 ሰዎች ላይ በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ ሞክረው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲደመር ምልክቱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ያ ግን ቅደም ተከተል ያለው፣ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚከታተለው ኮርስ ነው። ከስልክ ላይ የሚገኝ የወንዝ ድምፅና «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» የሚል ሰው ሌላ ነው። ልጅሽ የላከችው የትኛው እንደሆነ ጠይቂያት።

ሐሳብሽ መሸሹ ግን አይክፋሽ። የሁሉም ሰው ሐሳብ ይሸሻል። ልምምዱ ራሱ ሄዶ ስታገኚው ሳትሳደቢ መመለስ ነው። አሥሬ ቢሄድ አሥሬ መመለስ። ለአንቺ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰላት ላይ ሳለሽ ልብሽ ወደ ሱቅ ሲሄድብሽ መልሰሽ ታመጪው የለ?

የዚያ ሌሊት ነገር ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከባድ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ሲል ያ ነገር ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ አትጨፍኚ። ዓይንሽን ገልጠሽ ወለሉ ላይ ወይም ጨርቁ ላይ አሳርፊው። ትንፋሹን ተዪው፤ በእሱ ፈንታ እግርሽ መሬት የነካበትን ቦታ ያዢ። አጭር ይሁን። ልብሽ መደለቅ ከጀመረ አቁሚ፣ ተነሺ፣ ውኃ ጠጪ፣ የምታዪውን ነገር በስሙ ጥሪ፤ መቀስ፣ ሜትር፣ የተንጠለጠለው ቀሚስ። ትዕዛዝ የለብሽም፤ ታግሶ መቀመጥ ጀግንነት አይደለም። ያ ሌሊት ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ ለሐኪምሽ ንገሪው። የራሱ ሕክምና አለው፤ አስተውሎት ብቻውን አይጨርሰውም።

አንድ ልምምድ ልስጥሽ፤ ከኮርሱ ውስጥ በጣም የምወደው እሱን ነው። 3 ደቂቃ ይፈጃል። ሲንጀርሽ ፊት ተቀምጠሽ እጅሽን ከጨርቁ ላይ ሳታነሺ መሥራት ትችያለሽ። መጀመሪያ አሁን ምን አለ ብለሽ እዪ። ምን እያሰብኩ ነው? ምን ተሰማኝ? ሰውነቴስ? «ሰው እየሸሸኝ ነው የሚል ሐሳብ አለ፤ ከፍቶኛል፤ ትከሻዬ ወጥሯል።» ይኸው ነው፤ አታስተካክዪውም። ቀጥሎ ትኩረትሽን አንድ ቦታ ሰብስቢ፤ ለሌላው ሰው ትንፋሽ ነው፣ ለአንቺ ፔዳሉን የረገጠው እግርሽ ይሁን። የጫማሽን ሶል፣ የብረቱን ቅዝቃዜ፣ ተረከዝሽን። በመጨረሻ ሰፋ አድርጊው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውነትሽ በሙሉ፣ ፊትሽ፣ እጅሽ። ከዚያ ወደ እጅጌው ተመለሺ። በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ደህና በሆንሽበት ሰዓትም ጭምር። ስትጨነቂ ብቻ የምትሠሪው ከሆነ አይለመድም።

በኮርሱ የመጀመሪያ ቀን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዘቢብ ይሰጠዋል። ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ቀስ ብሎ ያኝከዋል። እኛ ቤት ዘቢብ የለም፤ አቦል አለ። የመጀመሪያዋን ፉት ስትዪ ሙቀቷን፣ ምሬቷን፣ ጉሮሮሽ ላይ ስትወርድ ያለውን ተከተዪ። አንድ ፉት ይበቃል። ከዚያ ጎረቤት ሲስቅ ሳቂ ወይም አትሳቂ፤ ለመሳቅ አትታገዪ። ደስታው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእንቅልፍና ከጉልበት በኋላ ይመጣል።

ሌሊት 9 ሰዓት ደግሞ ይህን ልምምድ ለመተኛት ብለሽ አትሥሪው። እንቅልፍ ሲያሳድዱት ይሸሻል። ሰዓቱን አዙሪው። ነቅተሽ መገላበጥ ከጀመርሽ ተነሺ፤ ጋቢሽን ደርበሽ ሌላ ቦታ ተቀመጪ። የሌሊት ሰላት የምትሰግጂ ከሆነ ስገጂ። ስልኩን ግን አትንኪው። እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። ጠዋት የምትነሺበት ሰዓት ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ አንድ ይሁን።

ከእምነትሽ ጋር ስለመጋጨቱ። አልደብቅሽም፤ ምንጩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የተመስጦ ልማድ ነው። ሆስፒታል ሲገባ ግን ጸሎቱም ሥርዓቱም ቀርቶ፣ የቀረው ትኩረትን ማሠልጠን ነው። የምትጠሪው ስም የለም፣ የምትሰግጂለት ነገር የለም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ዳዊቴን አልተውኩም። ሰላትሽን ይተካል የሚልሽ ካለ አትስሚው፤ አይተካም። ልብሽ ካልረጋ ደግሞ የምታከብሪያቸውን ሼህ ጠይቂ። ስልኩ ላይ ያለውን አሰሚያቸው፤ በአሉባልታ አይፍረዱ።

ኪኒኑን አትተይው። እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ውስጥ 424 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጓል። ግማሾቹ ኮርሱን ወስደው በሐኪም ድጋፍ መድኃኒታቸውን ቀስ በቀስ ቀነሱ፤ ግማሾቹ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ። በ2 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 44 በመቶው፣ ከሁለተኛዎቹ 47 በመቶው አገረሸባቸው። ልዩነት የለውም ማለት ነው። ሙሉውን ኮርስ ጨርሶ በሐኪም እጅ መቀነስ ይቻል ይሆናል። ልጅ በላከችው ድምፅ ተማምኖ ብልቃጡን መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ደጋግሞ ለያዘው ሰው ከተሻለው በኋላም እስከ 2 ዓመት እንዲቀጥል ነው ብዙ ጊዜ የሚመከረው። አንቺ ደግሞ ገና ርዝራዥ አለብሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። የልኬት ደብተርሽ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሕመሙ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግሽ ጻፊ። ሱቅ አርፍደሽ መክፈት ነው? የእህትሽን ስልክ አለማንሳት? ሹሩባ መሠራት መተው? ለባልሽ አሳዪው። «ተፈጥሮሽ ነው» ከማለት ፈንታ «ያ ገጽ ላይ ያለው ጀምሮሻል፣ እንሂድ» ማለት ይችላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምን ማለት እንዳለበት አልተነገረውም።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ባለፈው እትም ስለ ተመስጦ፣ ማለትም ስለዚሁ ማይንድፉልነስ፣ እንደሚጽፉ አስነብበው ስለነበር ነው። አባታችን 63 ዓመታቸው ነው። ከወር በላይ ሆኗቸዋል፤ እህል አይቀምሱም፣ ከአልጋ አይወርዱም። «ለማንም አልረባም፣ ብሞት ይሻላል» ይላሉ። ጠበል ወስደናቸዋል። ተመስጦውን በስልክ ላስጀምራቸው ወይ?

ታ. ከወልድያ

መልስ

አይሆንም፣ ወንድሜ። ተመስጦ ለተሻለው ሰው ነው፤ አባትህ አሁን በሕመሙ መሐል ናቸው። እህል ያልቀመሰ፣ ከአልጋ ያልወረደ ሰው ዝም ብሎ ሐሳቡን እንዲያይ ማድረግ ከሐሳቡ ጋር መዝጋት ነው። ጠበሉን አልቃወምም፤ ጠበልም ኪኒንም አብሮ ይሄዳል። ግን ጠበሉ ሐኪም ቤቱን አያስቀር።

«ብሞት ይሻላል» ሲሉ ዝም ብለህ አትለፍ። «አባባ፣ ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል?» ብለህ በቀጥታ ጠይቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ያስተነፍሳል እንጂ። የእርሻ መርዝና መሣሪያ ካለ ዛሬውኑ ከቤት አውጣ። ብቻቸውን አይደሩ። ነገ ጠዋት ወደ ሆስፒታል ይዘሃቸው ሂድ፤ ሌሊት ከባሰባቸው ደግሞ አትጠብቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ግባ። ካርድ ክፍል «ቀጠሮ አላችሁ?» ሲሉህ አትመለስ፤ «እህል ትተዋል፣ መሞት እፈልጋለሁ ይላሉ» በላቸው።